ቱቫ እስክትበቃ

ሴፕቴምበር 2፣ ሰኞ

ፍሬድሪካ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣች። ለአንዲት አጭር ስብሰባ ብላ ግማሽ ቀን በባቡር ተጉዛ መምጣቷ ራሱ ደስ አላለኝም፤ ደግ ወሬ ቢሆን በስልክ ትነግረኝ ነበር። የቀረፋ ዳቦዋን ለሁለት ከፍላ አንዱንም ሳትቀምስ፣ «ጉነል፣ በአዲሱ ዓመት ጡረታ ትወጫለሽ። ከዚያ በኋላ ይህን ዳቦ ቤት ማን ይመራዋል?» አለችኝ።

ነገሩ ግልጽ ነው። እስከ ዲሴምበር ከመካከላችን ለኃላፊነት የበቃ ሰው ከተገኘ ዳቦ ቤቱ የራሱ ኃላፊ ይኖረዋል። ካልተገኘ ከደቡብ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሆነው በስክሪን ይመሩታል። ከሐይቁ ማዶ የነበረውን የብስኩት ፋብሪካም «ከደቡብ እንመራዋለን» ብለው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ምድጃዎቹን ፈታተው ጭነው ሄዱ። አሁን ሕንጻው የጀልባ ማስቀመጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም።

«ሰው አለኝ» አልኳት። «ፈረቃ የምትመራዋ ቱቫ አለችኝ።»

«በቅታለች?»

«ዲሴምበር ሲደርስ ትበቃለች። እኔ አበቃታለሁ።»

ፍሬድሪካ ፈገግ አለች። የዚህችን ሴት ፈገግታ እስከ ዛሬ መተርጎም አልቻልኩም። ዳቦውን እዚያው ትታው ሄደች፤ ማታ ለሲክስተን ወሰድኩለት። ባሌ የተረፈ ነገር ሲበላ ደስ ይለዋል።

ሴፕቴምበር 11፣ ረቡዕ

ቱቫ ዛሬ የማምረቻ መስመሩን አስቆመች። እንደ ብስኩት ደርቆ መውጣት ያለበትን ቂጣችንን ከምድጃው አንስታ በእጇ ሰበረችው፤ ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ አልጣማትም። አልደረቀም። በቃ፣ ማቆሚያውን ተጫነች። ሊጡን አስደፋች፣ የምድጃውን ሙቀት አስተካከለች፣ ከምሳ በፊት ሥራ ተጀመረ። ልክ ነበረች። እኔ ብሆን ትንሽ እቆይ ነበር፤ ይህን ለዚህ ደብተር ካልሆነ ለማንም አልናገርም።

ችግሩ ሮላንድ ነው። ሮላንድ ምድጃውን ሲረከብ ቱቫ ገና ቦርሳ አንግታ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ነበረች፤ የሠራተኞች ማኅበር ተወካይም እሱ ነው። ቢሮዬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሲቀየም አይቀመጥም።

«መቆሙን አልቃወምም» አለኝ። «ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ልክ ነበረች እኮ፣ ሮላንድ።»

«ልክማ ነበረች። ነገሩ እሱ አይደለም።»

ገባኝ። እዚህ ቤት ሁሉም በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ በተራው የሚሰማውን ሳይናገር የመጸዳጃ ቤት ወረቀት እንኳ አይቀየርም። ይህ ዙር የምንለው ነገር አድካሚ ነው፤ ግን እኛ እንዲህ ነን።

ከሥራ በኋላ ቱቫን በሐይቁ ዳር ይዣት ሄድኩ። «በሚቀጥለው መጀመሪያ ዙር አድርጊ» አልኳት።

«ቂጣው እየረጠበ?»

«ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።»

«ጉነል፣ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ዙር አይተሽ ታውቂያለሽ? ባለፈው ስለ ልብስ መስቀያው ስንነጋገር በረዶ ጥሎ ቀለጠ እኮ!»

ሳቅን። ሳቋ ጮክ ያለ ነው። ከዚያ ግን በእርጋታ አስረዳኋት፤ ሰው ሳይዙ መምራት ብቻን መሄድ ነው አልኳት። ሰማችኝ። ብልህ ልጅ ናት፣ ትማራለች።

ሴፕቴምበር 26፣ ሐሙስ

ከአመራር ሥልጠናው ተመለስን። ሁለት ቀን፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፣ የተቀቀለ ሳልሞን። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለታችንንም ከፍሎ ላከን። አሠልጣኙ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው ነው። የሁሉንም ሰው ባሕርይ በአራት ቀለም ከፋፍሎ ወለሉ ላይ በየቀለማችን አቆመን። እኔ አረንጓዴ ነኝ፤ ሰው የሚሰማ፣ ታጋሽ፣ ሰላም ወዳድ። አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ተጨናንቀን ቆምን፣ መተንፈሻ እንኳ አልነበረንም። ቀዩ ላይ ቱቫ ብቻዋን ቆመች። ቀይ ማለት ፈጥኖ የሚወስን ማለት ነው።

«እንዴት ነው፣ ይመቻል?» አላት አሠልጣኙ።

«ሰፊ ነው» አለች። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ከዚያ አሠልጣኙ ስለ ቀዮች ጉዳት አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። ሰው ያስፈራሉ፣ ሰው አያስከትሉም፣ ይቃጠላሉ። ስለ አረንጓዴዎች ጉዳት ግን ሰዓቱ አልበቃውም። እራት ላይ ቱቫ፣ «በጣም ቀይ ነኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ትንሽ ብትቀንሺው አይጎዳሽም» አልኳት። በፍቅር ነው ያልኳት። ፊቷ ግን ወዲያው ደከመ፤ የመንገዱ ድካም መሰለኝ።

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

የዛሬውን ስብሰባ ቱቫ ብቻዋን እንድትመራው ተስማምተን ነበር። ራሷ ናት የጠየቀችኝ፤ «ቤት ብትቆዪ ቅር ይልሻል?» አለችኝ። «ኧረ ለምን ቅር ይለኛል!» አልኳት።

ጠዋት ግን መነጽሬን ቢሮ ረስቼው ኖሯል። ልወስደው ገባሁ። ስብሰባው ተጀምሯል፣ እንዳልረብሽ ከኋላ ተቀመጥኩ። ቱቫ አዲስ የፈረቃ ድልድል አቀረበች፤ ጥሩ ድልድል ነው። ከዚያ ዙሩ ሲጀመር ሁሉም በተራው የሚናገረው ወደ እኔ እያየ ሆነ። ቱቫን አይደለም የሚያዩት፣ እኔን። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ መለስኩ፤ ሮላንድ ስለ ቅዳሜ ጠየቀ፣ መልሱን ስለማውቀው ነው። ሌላዋ ሠራተኛ የተሳሳተችውን ደግሞ ትንሽ አስተካከልኩላት፤ ቱቫ የተናገረችውን ሳልነካ። ከዚያ ሁሉም «ጥሩ ይሰማኛል» ብሎ ተነሳ።

ቱቫ ወንበሮቹን መለሰች። «አመሰግናለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።

ማታ ሲክስተን፣ «ቤት አልነበርሽም እንዴ? ቤት ነኝ ብለሽኝ አልነበር?» አለኝ። ስለ መነጽሩ ነገርኩት።

«መነጽርሽማ ወጥ ቤት ነበር» አለ።

ሌላኛውን ማለቴ ነው። ሁለት መነጽር እንዳለኝ ያውቃል።

ኦክቶበር 17፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ፣ የክረምት ትዕዛዝ እየመጣ ነው። ግን ይህን ልጻፈው። የልብስ መቀየሪያው በር ክፍት ነበር፣ ማሸጊያ ላይ የምትሠራዋ ማይብሪት ስትናገር ሰማሁ፤ «ጉነል ካልሄደች ቱቫ አትመጣም።» ሌላዋ፣ «ጉነልማ አትሄድም፣ ታያታለሽ» አለቻት።

እኔ እንድሄድ አይፈልጉም ማለት ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያን ያህል ዓመት በከንቱ አልሠራሁም።

ኦክቶበር 30፣ ረቡዕ፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። ሲክስተን ያንኮራፋል።

ቱቫ ትደርሳለች ወይ? ሌላ አላስብም። ተለውጣለች። ሮላንድ ራሱ፣ «አሁን ትጠይቃለች፣ ሰው ሆናለች» አለኝ። ማንኛውንም ነገር ከማድረጓ በፊት እየመጣች ትጠይቀኛለች፤ ቢሮዬ ሦስት አራት ጊዜ ትገባለች። የሊጡን ዱቄት ልቀይር? ለእገሊት ፈቃድ ልስጣት? ፖስታ ቤት ልደውል? እኔም እነግራታለሁ። ሥልጠናው ሠርቷል። ግን ሳቋን ከሰማሁት ቆየሁ፣ ይህ ለምን እንደሚከነክነኝ አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። ጃንዋሪ 2 ጠዋት የት እንደምሄድ አላውቅም። ሁሌ በጨለማ ተነስቼ፣ የሊጡን ሽታ እያሸተትኩ፣ ያን ከባድ በር ገፍቼ እገባለሁ። ጃንዋሪ 2 ምን ልገፋ ነው? ሲክስተን «እንተኛለን» ይላል። እኔ መተኛት አልፈልግም። ፈራሁ፣ በቃ፣ ፈራሁ።

ቱቫ ካልደረሰች የቤቱ መጨረሻ ነው። እኔ ነኝ የማበቃት፤ ቃል ገብቻለሁ። ነገ ስለ አቋቋሟ አነጋግራታለሁ። እጇን ታጣምራለች፤ ሰው ይሸሻል።

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

ምን ዓይነት ቀን ነው! ጥርስ ሐኪም ጋ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ስልኬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይንጫጫል። ስወጣ ቱቫ ደጋግማ እንደደወለች አየሁ። መልሼ ስደውል፣ «አሁን አልቋል» አለችኝ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

የገና ቂጣ ነው የተበላሸው። መሃሉ ቀዳዳ ያለው ትልቁ፣ በየቤቱ በገና የሚቀርበው። የአንድ ፈረቃ ሥራ ሙሉ በሙሉ።

ኖቬምበር 15፣ ዓርብ፣ ማታ

የሆነው እንዲህ ነው፤ ሮላንድም ማይብሪትም ነግረውኛል፣ ቱቫም ነግራኛለች፣ ሦስቱም አንድ ነገር ነው የተናገሩት። ቂጣው ሳይደርቅ መውጣት ጀመረ። ቱቫ አንዱን አንስታ ሰበረች። እጇ ወደ ማቆሚያው ሄደ፤ ማይብሪት አይታታለች። ከዚያ እጇን መለሰች።

መስመሩ እየሄደ ሰዎቹን ሰበሰበች። በቡና ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። «የሚሰማችሁን ስጋት ንገሩኝ» አለች። ሮላንድ «ምድጃውን ትንሽ እንጠብቀው» አለ። ማይብሪት «ቢቆምም ባይቆምም ጥሩ ይሰማኛል» አለች። አንዱ ስለ አየሩ ተናገረ። አንዱ ስለ ዱቄት አቅራቢው። ሌላው «ጉነል ምን ትላለች?» አለ፤ ያኔ ነው መደወል የጀመረችው። ደውላ፣ ጠብቃ፣ ደውላ። እነሱ ቡናቸውን እየጠጡ፣ በመስታወቱ ማዶ እርጥቡ ቂጣ እየታሸገ ወደ መኪናው ሄደ።

«ለምን አላቆምሽውም?» ብዬ ጠየቅኳት። ቢሮዬ ተቀምጣለች፣ ኮቷን አላወለቀችም።

«ሁሉም እንዲስማማ እየጠበቅኩ ነበር» አለች። «አንቺ እንዳስተማርሽኝ።»

«እንዲህ ሲሆንማ ታቆሚያለሽ እንጂ! የራስሽን አእምሮ ተጠቀሚ!»

የኮቷን ቁልፍ ዘጋች። «የትኛውን?» አለች።

ምን ለማለት እንደፈለገች አላውቅም። ደክሟት ነበር። እኔም ስልኬን ካፖርቴ ውስጥ በመተዌ ራሴን ይቅር አልልም። እጄ ውስጥ ይዤው ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪሙ ጥርሴን እየቦረቦረም ቢሆን አንስቼ «አቁሚ» እላት ነበር፣ ነገሩም ያልቅ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ስልኩ።

ኖቬምበር 21

ሱቆች ቂጣውን እየመለሱ ነው። ሻግቷል። ፍሬድሪካ ደወለች፣ አልጮኸችም። «እንዴት ነሽ፣ ጉነል?» አለችኝ። ስትቆጣ እንዲህ ነው የምትጀምረው። ውሳኔው በመጪው ሐሙስ ሳይሆን በቀጣዩ። ራሷ ትመጣለች።

ቱቫን ማለማመድ አለብኝ። ጊዜ የለም፣ ጊዜ የለም።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ነበር።

ስምንት ሆነን በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ቱቫ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳለች፤ እኔ ነኝ የመረጥኩላት። ያዘጋጀሁላትን አቀረበች፣ አንድም ቃል አልሳተችም። ስለ ገናው ቂጣ ፍሬድሪካ ስትጠይቃት ግን ወረቀቱን ገለበጠችና በራሷ አንደበት፣ «ማቆም ነበረብኝ፣ አላቆምኩም። ሁለተኛ አይደገምም» አለች። ሮላንድ ቀና ብሎ አያት። እንደ ድሮዋ ነበረች። እኔ ግን ደነገጥኩ፣ ያን አልተለማመድነውም።

ፍሬድሪካ፣ «እሺ፣ ዙር እናድርግ» አለች። «ቱቫ ከጃንዋሪ ጀምሮ ብትመራ ምን ይሰማችኋል?»

ማይብሪት «ጥሩ ይሰማኛል» አለች። ሮላንድ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ «ጥሩ ይሰማኛል፣ አዎ። እውነቴን ነው» አለ። ከሮላንድ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዙሩ ዞረ፣ ሁሉም ጥሩ ይሰማዋል። መጨረሻው እኔ ነበርኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ክፍሉ ሞቃት ነበር።

«ቱቫ ድንቅ ናት» አልኩ። ከልቤ ነው። «ድጋፍ ካገኘች በጣም ጥሩ ትሆናለች።»

ፍሬድሪካ ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፣ ብዕሯን ዘጋች። «አመሰግናለሁ፣ ጉነል። ሐቀኛ ነሽ» አለች። ቱቫ እጆቿን ታይ ነበር።

ለሲክስተን ነገርኩት። ሾርባውን መጠጣት አቆመ።

«ድጋፍ አልሽ?»

«ድንቅ ናት ብዬ ነው የጀመርኩት።»

«ሐኪሙ ስለ እኔ “ድጋፍ ያስፈልገዋል” ብሎ ጻፈ፣ በሳምንቱ መንጃ ፈቃዴን ወሰዱት።»

«ያ ሌላ ነው» አልኩት። «አንተ አጥር ነው የገጨኸው።»

ዲሴምበር 9፣ ሰኞ

ከደቡብ ይመሩታል። አጭር መልእክት ናት። ከጃንዋሪ ጀምሮ። ሁለተኛው ምድጃ በጸደይ ይነሳል፣ የመጀመሪያው «ይጠናል»። የሚጠና ነገር ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ማይብሪት አለቀሰች። ሮላንድ ምድጃው ጋ ሄዶ ቆመ። እኔ ማልቀስ አልቻልኩም። ሁሉን አድርጌያለሁ እኮ። ያላስተማርኳት ምን አለ?

ዲሴምበር 13፣ ዓርብ

ጠዋት የትምህርት ቤት ልጆች፣ እንደ ዕለቱ በዓል ወግ፣ ነጭ ለብሰው፣ ሻማ ይዘው እየዘመሩ በምድጃዎቹ መሃል አለፉ። በየዓመቱ ይመጣሉ። ማንም ማንንም ማየት አልፈለገም።

ፍሬድሪካ ደውላ እስከ ጸደይ በግማሽ ቀን እንድቆይ ለመነችኝ፤ ምድጃው እስኪነሳ ሰዎቹን «በሽግግሩ» የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እሺ አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። ቀለል ማለቱ ደግሞ አሳፈረኝ። ጃንዋሪ 2 ጠዋት በሩን እገፋለሁ።

ከሰዓት ቱቫ ቁልፎቿን ልታስረክብ መጣች። ከሐይቁ ማዶ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ የፈረቃዎች ሁሉ ኃላፊ ይፈልጋል፤ አመልክታለች፣ ሊወስዷት ተቃርበዋል። እዚሁ ከተማ መቅረት ትችላለች፣ ቤታቸውን መሸጥ አይኖርባቸውም፣ ሴት ልጇ ትምህርት ቤት አትቀይርም። ሌላ ሥራ በአካባቢው የለም። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። በዚህ ሁሉ ወር እንዲህ ሆና አላየኋትም።

«እኔ እደውልላቸዋለሁ!» አልኳት። «የመሰንጠቂያውን ኃላፊ ቶርቢዮርንን አውቀዋለሁ። ስለ አንቺ ጥሩ ጥሩውን...»

«አይ!» አለች። ጮክ ብላ። ከዚያ ዝቅ አድርጋ፣ «ጉነል፣ አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም። ግን እባክሽ፣ አትደውዪ። ስለ እኔ ማንም ቢጠይቅሽ ምንም አትናገሪ። ምንም። ቃል ግቢልኝ።»

ከፋኝ። እንዴት አይከፋኝ? እንደ ልጄ ነው የያዝኳት። ግን ቃል ገባሁላት። እጄን ጨበጠችኝ፤ አላቀፈችኝም።

ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ

ቶርቢዮርን ራሱ ደወለ፣ ከመሰንጠቂያው። ስለ በረዶው አወራን፣ ስለ ሲክስተን ጉልበት ጠየቀኝ። ከዚያ፣ «እዚህ ሁሉም ወዷታል፣ ያቺን ቱቫን» አለ። «ለገና ውላችንን ልንፈራረም ነው። አንቺ ግን ከሁሉም በላይ ታውቂያታለሽ፣ አብራሽ ነው የሠራችው። ያንቺን ቃል ሳልሰማ አልፈርምም ብዬ ነው። እንዴት ናት?»

አፌ ላይ መጣ። ድንቅ ናት ልለው ነበር፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ጆሮዋ፣ ስለ ሁሉም። ከንፈሬን ነከስኩ። አንድ ጊዜ እንኳ የለመነችኝን ላድርግላት አልኩ።

«ቶርቢዮርን» አልኩት፣ «ስለ ቱቫ ምንም ባልናገር ይሻላል።»

ከበስተጀርባው መጋዙ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «ደግ አደረግሽ፣ ጉነል። አመሰግናለሁ። በሰዓቱ ነው የነገርሽኝ።» መልካም ገና ተመኘልኝና ዘጋ።

ምን እንደሚያመሰግነኝ እንጃ፤ ምንም አልነገርኩትም። ሲክስተን ከሳሎን «ማን ነው?» አለ። ማንም አይደለም አልኩት። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ገና ሲያልፍ ለቱቫ ደውዬ እነግራታለሁ፣ ደስ ይላታል።